ስድስት ዓሣና አንድ ልዑል

እንግሊዞች ነሐሴ ማለቂያ ላይ ሥራ የሚዘጉበት አንድ ሰኞ አላቸው። ባንክ ሆሊዴይ ይሉታል። ባንኩ ያርፋል፤ ዓሣ ጠባሹ ይቀቀላል።

ያን ሰሞን አይል ኦፍ ዋይት በምትባል ደሴት፣ ፍሬሽዋተር ቤይ መንደር፣ ባሕሩ ዳር ዓሣና ቺፕስ ቤት እሠራ ነበር። ለንደን ያለ ጓደኛዬ ነው ሥራውን ያገኘልኝ። «ለበጋው ብቻ ነው፣ ማደሪያም አለው» አለኝ። በጋ ያለው የነሱን ነው። የነሱ በጋ ከኛ ክረምት ጋር ይገጥማል፤ ዝናቡም ብዙ አይለይም። ከሊሚንግተን ተነስቶ ያርመዝ ለመድረስ በጀልባ 40 ደቂቃ ይፈጃል። እኔ 40 ደቂቃውን ሙሉ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የተሻገርኩት። ደጋ ያደገ ሰው ከባሕር ጋር ምን አለው?

መንደሯ ቆንጆ ናት። ነጭ ገደል፣ ጠጠር የሞላበት ባሕር ዳርቻ፣ ከላይ ደግሞ ለገጣሚው ቴኒሰን መታሰቢያ የቆመ ትልቅ መስቀል። ቱሪስቶቹ ግን የገጠመኝ ሁሉ ገጠመኝ ናቸው። ዝናብ ሲመጣ መኪናቸውን ወደ ባሕሩ አዙረው ያቆማሉ። መስኮቱን ዘግተው ከነወረቀቱ ቺፕሳቸውን ይበላሉ። በእንፋሎቱ መስታወቱ ጭጋግ ይለብሳል፤ ባሕሩም ጭራሽ አይታይም። እነሱ ግን ባሕር እያዩ ነው። እኛ ላንጋኖ ሄደን እንዲህ ቢዘንብብን ማንን ስንራገም እንደምንውል አስቡት።

አለቃዬ ጥሩ ጠባሽ ነበር፤ ይኼን አልክደውም። ዓሣውን ሊጡ ውስጥ ነክሮ ጅራቱን ይይዝና ዘይቱ ላይ ወዲያ ወዲህ እያወዛወዘ ቀስ ብሎ ይለቀዋል። እንዲያ ካልተደረገ ከሥር ይይዛል። እኔንም ያስተማረኝ እሱ ነው። ፍልሰታን ሙሉ ዓሣ ስጠብስ ቆየሁ። በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለእናንተ ትቻለሁ፤ እኔ በበኩሌ ሽታው ብቻ አጥግቦኝ ነበር።

ወደ ሰኞው ልመለስ።

ሰልፉ ከበር ወጥቶ መንገድ ይዟል። አለቃዬ ገንዘብ ይቀበላል፤ እኔ ዘይቱ ላይ ነኝ። ሁልጊዜ ሰኞ ሰኞ የሚመጡ አንዲት አሮጊት ነበሩ። ትንሽ ዓሣ፣ አቼቶ በብዛት፣ ከጎኑ የተፈጨ አተር ያዛሉ። አተሩ እርድ የረሱበት የክክ አልጫ በሉት። እሳቸው ለኔ እማማ ናቸው፤ እኔ ለእሳቸው «ዲር» ነኝ።

«ከየት ነህ ዲር? ጠይቄህ አላውቅም።»

«ከኢትዮጵያ።»

ይኼን ስል አብዛኛው ሰው ወይ ስለ ረሃብ ያነሳል፣ ወይ «ኃይሌ!» ብሎ ቦታው ላይ የመሮጥ ምልክት ያሳየኛል። እማማ ሁለቱንም አላደረጉም።

«እንግዲያ ልዑላችሁ እዚህ እኛ ጋ ነበር» አሉኝ።

ኃይለ ሥላሴን ማለታቸው መሰለኝ። «አዎ፣ በስደቱ ጊዜ ባዝ ከተማ ነበሩ» አልኩ፣ አውቄ።

«አይ፣ እሳቸውን አይደለም። ሕፃኑን። አለማዩ።»

አለማዩ። ስሙ ጆሮዬ ላይ ትንሽ ተንከራተተ። ከዚያ ቦታውን አገኘ። ዓለማየሁ! የመቅደላው። የቴዎድሮስ ልጅ።

«አዎ አዎ፣ አውቃለሁ» አልኩ።

ውሸቴን ነው። ማወቅማ ምን አውቄ። ትምህርት ቤት የተማርነው ቴዎድሮስ ሽጉጡን እንደጠጣ ነው። ልጁን «እንግሊዞች ወሰዱት» ይላሉ፣ ምዕራፉ እዚያ ላይ ያልቃል። የት ወሰዱት? ብለን የጠየቅን ያለን አይመስለኝም። አሁን አንዲት ፈረንጅ አሮጊት፣ አተራቸውን እየጠበቁ፣ የቀረውን ምዕራፍ ሊነግሩኝ ነው።

ነገሩኝም። በ1868 ነው አሉ፣ በነሱ አቆጣጠር። ልጁ ሰባት ዓመቱ ነበር። እናቱ መንገድ ላይ ሞታበታለች። ካፒቴን ስፒዲ የሚባል ግዙፍ መኮንን ይዞት እዚህ መጣ። ንግሥት ቪክቶሪያ እዚሁ ደሴት ላይ፣ ኦስቦርን ቤታቸው፣ አስቀርበው አዩት። ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የምትባል ፎቶ አንሺ ደግሞ እዚሁ መንደር ቤት ነበራት። «ያ ላይኛው ቤት» አሉና በመስኮቱ ጠቆሙኝ። እሷ ናት ፎቶ ያነሳችው።

መስኮቱን አየሁ። በየቀኑ የማልፈው ቤት ነው። አንድ ቀን ቀና ብዬ አይቼው አላውቅም። ከሱ ወዲያ ጠጠሩ ላይ ሕፃናት በባልዲ ውኃ ይቀዳሉ። ከነሱ አንዱ የመቅደላ ልጅ ቢሆንስ? ማንን ያናግራል? በምን ቋንቋ?

እዚህ ላይ ነው ሽታው የመጣው።

አለቃዬ ሳይጮህ መጣ። ቅርጫቱን አነሳ። ከሰል። ከሰልፈኛው ፊት በጣቱ እየነካ ቆጠራቸው፤ ስድስት። ከዚያ፦

«ታሪኩን ስንዘጋ» አለኝ።

ይኼ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዛሬ አላወራውም ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ዓሣ ዘይት ላይ እያለ ዞር አይባልም። ዓርብ ደሞዜን ስቀበል ግን የስድስቱን ዋጋ ቆርጦታል። በገዛበት ዋጋ ይመስላችኋል? በመሸጫው! ያውም ከነቺፕሱ። ቺፕሱ'ኮ አልተቃጠለም! ይኼን ልነግረው አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። እንግሊዝኛዬ ለጭቅጭቅ ገና አልደረሰም ነበር።

በሚቀጥለው ሰኞ እማማ የፎቶውን ቅጂ ይዘውልኝ መጡ። ዓለማየሁና ስፒዲ አብረው። ርዕሱ በላቲን ፊደል «ደጃች ዓለማየሁ» ይላል። ስፒዲንም አበሾች ባወጡለት ስም «ባሻ ፈለቀ» ብሎታል። የልጁ ዓይን ግን... ተዉት። ከዚያ በኋላ ያለውን ዕድሜውን ሳነብ ያቺ ዓይን እየመጣች አስቸግራኛለች። በ18 ዓመቱ ሊድስ ላይ ሞቶ ዊንዘር ተቀበረ። አጽሙን መልሱልን ሲባሉ ቤተ መንግሥቱ በ2023 አይሆንም ብሏል።

ፎቶውን ማን ወሰደው? አለቃዬ። ላስቲክ አልብሶ ገንዘብ መቀበያው ጎን ሰቀለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለመጣ ቱሪስት ሁሉ ይተርክ ጀመር። «ይኼ ልጅ የዚህ ልዑል አገር ሰው ነው» እያለ ወደኔ ይጠቁማል። ሳምንት ሳይሞላ ታሪኩ እጁ ላይ አደገ። ልዑሉ ዓሣና ቺፕስ ይወድ ነበር ብሎ ጨመረበት። በሁለተኛው ሳምንት ልዑሉ አቼቶም በዛ ያለ ነበር የሚወደው። ሰዉ አንጀቱ ይበላና ትልቁን ዓሣ ያዛል።

የመጨረሻ ቀኔ ላይ ምሳ ልበላ ወጣሁና ዘይቱን ለሱ ለቀኩለት። ስመለስ ጀርባውን ለዘይቱ ሰጥቶ፣ ለአንዲት ሴትና ለሁለት ልጆቿ ስለ ዓለማየሁ እያወራ ነው። ንግሥቲቱ ጋ ደርሷል። ከኋላው ቅርጫቱ መጥቆር ጀምሯል። ሮጦ ማንሳት የኔ ፈንታ ነበር። ሽርጤን ቀስ ብዬ አሰርኩ። እጄን ታጠብኩ፤ በሳሙና።

አራት ነበሩ። ስድስት ቢሆኑ ደስ ባለኝ።