ከእማዬ ጋር በእግር፣ ከወልዲያ ላሊበላ

«ለገና ላሊበላ ልሄድ ነው» አለችኝ እማዬ በስልክ። ጥቅምት 2015 ነበር።

«ጥሩ ነዋ። መኪና አፈላልግልሻለሁ።»

«በእግሬ ነው የተሳልኩት።»

ዝም አልኩ። እማዬ 66 ዓመቷ ነው። ጉልበቷን ካመማት ቆይቷል። ደረጃ ስትወርድ ግድግዳ ይዛ ነው። ከወልዲያ ላሊበላ ደግሞ ዳገት ወጥቶ ቁልቁለት መውረድ ነው። ላስቀራት ያላልኩት የለም። «ስለት በውክልና አይከፈልም» ብላ ወሬውን ዘጋችው። ምን ብላ እንደተሳለች ስጠይቃት፣ «መንገድ ላይ እነግርሻለሁ» አለችኝ። ከመሥሪያ ቤት የዓመት ፈቃዴን ወስጄ ከአዲስ አበባ ወልዲያ ሄድኩ።

እኔ የያዝኩት ቦርሳ ሙሉ ነው፤ የጉልበት ማሰሪያ፣ የሕመም ማስታገሻ፣ ፓወር ባንክ፣ ለእሷ የገዛሁት ስፖርት ጫማ። እሷ የቋጠረችው በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ በጨርቅ የታሰረ ጨው፣ መርፌና ክር፣ አንድ እስር ጧፍ። ጾመ ነቢያት ስለሆነ ከኅዳር 15 ጀምሮ የፍስክ ነገር አይቀመስም። ጫማውን አገላብጣ አየችውና «ጥሩ ነው፤ ግን እግሬ አያውቀውም» አለች። ኮንጎ ጫማዋን አደረገች።

ታኅሣሥ 23 እሑድ፣ ንጋት 11 ሰዓት ላይ ወጣን። ገና ጨለማ ነው። መንገዱ ላይ ግን ሰው አለ። ነጠላ ያጣፉ፣ በትር የያዙ፣ ሕፃን ያዘሉ። የሚያልፈን ሁሉ «ያድርሳችሁ» ይላል። እማዬ «አሜን፣ አብሮ ያድርሰን» ትላለች። ለአንዱም ሳትመልስ አላለፈችም።

የመጀመሪያው ቀን ላይ የተቸገርኩት በእርምጃዬ ነው። እኔ እፈጥናለሁ። ሃምሳ እርምጃ እቀድማትና ቆሜ እጠብቃታለሁ። ስትደርስ እንደገና እነሳለሁ። ረፋድ ላይ እኔ ደክሜ ነበር፤ እሷ ግን ከቤት እንደወጣች ናት። «አንቺ ሁለት መንገድ ነው የምትሄጂው። አንዱ የእግርሽ፣ አንዱ የመጠበቅ» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ከኋላዋ ሆንኩ። ተረከዟን እያየሁ፣ ስትረግጥ እየረገጥኩ። ሰላሳ ዓመት ሙሉ የእናቴን እርምጃ እንደዚህ አይቼው አላውቅም። ግራ እግሯን ትንሽ ወደ ውጪ ትጥለዋለች። እኔም እንደዚያ ነው የምራመደው።

ድልብ ልንደርስ ስንል መሸብን። አንድ ቤት ደጃፍ ላይ ሴትዮዋ እሳት ታያይዛለች። ሻሽና ሒጃቧን ስናይ ሙስሊም መሆኗን አወቅን። እማዬ ሰላም ብላ «የመሸብን እንግዶች ነን» ከማለቷ ሴትዮዋ ተነሥታ ቦርሳዬን ተቀበለችኝ። «ላሊበላ ናችሁ አይደል? ግቡ፣ ግቡ። አብሽሩ።» ሽሮውን ስትሠራ ድስቱን አንስታ ለእማዬ አሳየቻት። «ይኸው፣ አዲስ ነው። ሥጋም ቅቤም አልነካውም፤ ጾመኞች ናችሁ» አለች። ይህን ማንም አልጠየቃትም። ወሎ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ብርቅ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ እዚያው ነው ያደግኩት። ግን አዲስ አበባ ብዙ ዓመት ከኖርኩ በኋላ፣ ያቺን ድስት በኩራዝ ብርሃን ሳያት እንባዬ መጣ።

ቡናው ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ሴትዮዋ ድምጿን ዝቅ አደረገች። ልጇ ሳዑዲ ነው። ከሄደ አራት ዓመቱ ነው። ካወራችው ሰባት ወር አልፎታል። «እዛ ስትደርሱ የልጄን ነገር አንሱልኝ። አደራ» አለች። እማዬ ስሙን ጠየቀቻት። ሁለት ጊዜ ደገመችው። ከዚያ የነጠላዋን ቁጭት ይዛ አንዷን ክር ቋጠረቻት።

ያኔ ልብ አላልኩትም። ጠዋት ስንነሣ ግን አንድ ስህተት ሠራሁ። ሁለት መቶ ብር አጣጥፌ ሴትዮዋ እጅ ላይ አደረግኩ። ፊቷ ተለወጠ። ብሩን ሳትዘረጋ መለሰችልኝ። ከቤቱ ከራቅን በኋላ እማዬ «የሰጡሽን መቀበል አታውቂም» አለችኝ። ተቆጥታ አልነበረም፤ አዝና ነበር። «ለሷ የሚቀርላት ያ ልጇ ነው። ብርሽ ምን ያደርግላታል? አደራዋን ተሸከሚ፣ በቃ።» ከዚያ በኋላ ባደርንበት ሁሉ ሲሰጡን ተቀበልኩ። ቀላል አይደለም። ከመስጠት መቀበል ይከብዳል።

ከድልብ በኋላ ያለውን ዳገት የሚያውቅ ያውቀዋል። ቻይናዎች የሠሩት መንገድ እየተጠማዘዘ ይወጣል፤ እግረኛው በአቋራጭ ቀጥ ብሎ ይቆርጠዋል። የእማዬ ሕግ አንድ ነው፤ ዳገት ላይ አይወራም። አይሮጥም፣ ቶሎ ቶሎም አይቆምም። ሃያ ስምንት፣ ሰላሳ እርምጃ ትሄድና በትሯን ተደግፋ ሦስት ጊዜ ትተነፍሳለች። እንደገና። እንደገና። ከእኛ በላይ የነበሩ ወጣቶች መሐል ላይ ተዘርግተው አገኘናቸው። እማዬ ዳቦ ቆሎ ዘገን አድርጋ ሰጠቻቸውና አለፍን።

ላይ ስንደርስ ሌላ አገር ነው። ብርዱ ሌላ፣ ሰማዩ ሌላ። ገብስ ታጭዶ አውድማ ላይ በሬ እየዞረ ይወቃል። በግ የሚጠብቁ ልጆች ብርድ ልብስ ደርበው ቆመዋል። ወደ ኩልመስክ በሚወስደው መንገድ ላይ ሁለተኛውን ሌሊት አንድ ገበሬ ቤት አደርን። መደብ ላይ ቁርበት አነጠፉልን። ኩበት እሳት ላይ ጨምረው ከብበን ተቀመጥን። የእኔ እግር ውሃ ቋጥሯል። ተረከዜ ላይ የእንቁላል አስኳል የሚያህል። መራመድ አቅቶኝ ነበር፤ ለእማዬ ግን አልነገርኳትም።

ሳልነግራት አውቃዋለች። ለብ ያለ ውሃ ጠየቀች፣ ጨውዋን ፈታ ጨመረችበት። እግሬን ጭኗ ላይ አድርጋ አጠበችው። መርፌውን እሳት ላይ አሞቀችና ክር እንዳስገባች ውሃ በቋጠረው ቆዳ ከዚህ ወደዚያ አሳለፈችው። ክሩን ቆርጣ ውስጡ ተወችው፤ ውሃው በክሩ እየተንጠባጠበ ይወጣል። ቆዳው አልተላጠም። እግሬን ሳትለቀው ነው ስለቷን የነገረችኝ።

ነሐሴ 2013 ጦርነቱ ወልዲያ ሲገባ እሷ እዚያ ነበረች። እኔ አዲስ አበባ። ስልክ ተቋረጠ፣ መብራት ጠፋ፣ መንገድ ተዘጋ። እስከ ታኅሣሥ 2014 ድረስ ድምጿን አልሰማሁም። በሕይወት ትኑር አትኑር አላውቅም ነበር። ከወልዲያ ወጥቶ የመጣ ሰው አለ ሲባል ከመሥሪያ ቤት እየወጣሁ እሄድ ነበር። ይህን ሁሉ ለእሷ ነግሬያታለሁ። የእሷን ወገን ግን ጠይቄያት አላውቅም። ማስታወሱ የሚያማት ይመስለኝ ነበር።

«ስልኬን አጥፍቼ በጨርቅ ጠቅልዬ ጤፉ ውስጥ ቀበርኩት» አለችኝ። «በየሳምንቱ አወጣውና አቅፌው እቀመጣለሁ። አልከፍተውም፤ ባትሪው እንዳያልቅ። እኔ መሞቴን አልፈራሁም። አንቺ እየፈለግሽኝ እንደምትኖሪ ነው የፈራሁት። ቅዱስ ላሊበላን ‹የልጄን ድምፅ ብቻ አሰማኝ፤ በእግሬ መጥቼ ደጅህን እስማለሁ› አልኩት።»

ኔትወርክ ሲመለስ የደወለችልኝ ከጎረቤት ስልክ ነበር። ያን ቀን አልረሳውም። ከአራት ወር በኋላ የመጀመሪያ ቃሏ «በልተሻል?» ነበር። ያን ጊዜ እያለቀስኩ «በልቻለሁ» አልኳት። አልበላሁም ነበር። ያን ሌሊት በኩበቱ ጭስ መሐል ይህንንም ነገርኳት። «አውቃለሁ» አለች።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሁለት ቀናት ቶሎ አለፉ። ጠዋት ሳሩ ላይ ውርጭ ይነጣል፤ ቀትር ላይ ፀሐይ ታቃጥላለች። ባረፍንበት ሁሉ ሰው አደራ ይሰጣታል። ልጅ ያልወለደች ሴት። ዓይኑ የደከመ ሽማግሌ። በጦርነቱ ሁለት ወንድሞቹን ያጣ ጎረምሳ፣ እሱ ምንም ሳይል ስማቸውን ብቻ ነግሯታል። እማዬ ለእያንዳንዱ የቁጭቷን አንድ ክር ትቋጥራለች። ማታ ማታ ከመተኛቷ በፊት ጣቷን በቋጠሮዎቹ ላይ እያሳለፈች ስም በስም ትጠራቸዋለች። ማንበብና መጻፍ በደንብ አትችልም። ይህ ደብተሯ ነው። ዘጠኝ ደረሱ።

ገነተ ማርያም ላይ ግማሽ ቀን አረፍን። በአፄ ይኩኖ አምላክ ዘመን፣ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ከአንድ ቀይ ዐለት የተፈለፈለች ቤተ ክርስቲያን ናት፤ ዙሪያዋን በዐምድ የተከበበች። እማዬ ዐምዶቹን አንድ በአንድ እየሳመች ዞረቻቸው። ጊዜ እንዳይመሽብን ብዬ ልቸኩል ነበር። ተውኩት። እኔም ከኋላዋ እየሳምኩ ዞርኩ።

ታኅሣሥ 27 አመሻሽ ላይ ላሊበላ ገባን። የከተማው ወጣቶች ከመንገዱ ዳር ውሃና ሳፋ ይዘው ተሰልፈዋል። ከሩቅ የመጣውን እግር ያጥባሉ፤ የቆየ ወጋቸው ነው። አንድ ልጅ፣ አሥራ ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው፣ እማዬን አስቀምጦ ኮንጎ ጫማዋን አወለቀ። ጣቶቿ መሐል የደረቀውን ጭቃ በአውራ ጣቱ እየፈተገ አወጣው። ሲጨርስ ጎንበስ ብሎ እግሯን ሳመ። እማዬ እጇን ራሱ ላይ አድርጋ ረጅም መረቀችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ተረከዜ ላይ ያለውን ክር አየና «ማነው እንዲህ አሳምሮ የሠራልሽ?» አለኝ። በጣቴ አሳየሁት።

በማግሥቱ ዐሥራ አንዱንም ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ለመሳለም ሕዝቡ እንደ ወንዝ ነው። ቤተ ገብርኤልን ከቤተ መርቆሬዎስ የሚያገናኘውን ዋሻ ሲኦል ይሉታል። ጨለማው ድፍን ነው፤ መብራት አይበራበትም። ስልኬን ላበራ እጄን ስሰድ እማዬ ያዘችኝ። «ተይው። ግድግዳውን ይዘሽ ነይ።» የራሴን እጅ አላይም። ከፊቴ ትንፋሿን፣ ከእግሬ ሥር ድንጋዩን ብቻ ነው የማውቀው። መውጫው ላይ ብርሃኑ ፊቷ ላይ ሲያርፍ ሳቀች። እናቴን እንደዚያ ስትስቅ ካየኋት ስንት ዘመን ሆነኝ።

ማታ ቤተ ማርያም ደጅ ላይ ቋጠሮዎቹን ፈታች። ለእያንዳንዱ ስሙን ትጠራለች፣ ችግሩን ትናገራለች፣ ክሩን ትፈታለች። አትቸኩልም። የድልቧን እናት ልጅ ቋጠሮ ላይ ስትደርስ ጠብቆ እምቢ አላት። በጥርሷ ፈታችው። ሌሊቱን ሙሉ ጋቢ ለብሰን ዐለቱ ላይ ተቀምጠን አደርን።

የገና ጠዋት ቤዛ ኩሉ ነው። ካህናቱ ከዐለቱ ጫፍ ላይ ቤተ ማርያምን ዙሪያዋን ከበው ይቆማሉ። ሌሎቹ ከታች ግቢው ውስጥ ናቸው። የላዮቹ መላእክት፣ የታቾቹ ሰዎች ናቸው። «ቤዛ ኩሉ ዓለም ዮም ተወልደ» እየተባለ አንዱ ወገን ሲያነሣ ሌላው ይቀበላል፤ በአንድ ላይ ጎንበስ ቀና ሲሉ ነጩ ልብስ ይናወጣል። የቅዱስ ላሊበላም ልደት በዚሁ ቀን ነው የሚከበረው። እማዬ አልዘመረችም። ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር። ስለቷን እየከፈለች መሰለኝና አልተናገርኳትም።

ሰንበት ጠዋት ለመመለሻ አውቶቡስ ያዝን። አምስት ቀን የሄድንበትን አገር መኪናው በሰዓታት ይጨርሰዋል። እማዬ በመስኮት በኩል ናት፤ አልተኛችም። ዳገቱን ወርደን ድልብን ትንሽ እንዳለፍን ድንገት ተነሥታ «ወራጅ አለ!» አለች።

«እማዬ፣ ወልዲያ እኮ አልደረስንም።»

«አውቃለሁ።»

ረዳቱ እያጉረመረመ በሩን ከፈተ። እማዬ በትሯን ይዛ ወረደች፣ እኔም ቦርሳውን ይዤ ተከተልኳት። ሴትዮዋ ሊጥ በነካ እጇ ከቤት ወጥታ እኛን ስታይ ባለችበት ቆመች። እማዬ ሰላምታ እንኳን ሳታስቀድም ከሩቁ ጮኸች፦

«አድርሻለሁ! ስሙን ጠርቼ አድርሻለሁ!»