ባሕር ዳር የታሸገ በርበሬ ጎሐ ጽዮን ላይ ለምን ይተነፍሳል?

ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ የታሸገ በርበሬ ወይም ሽሮ ወደ አዲስ አበባ ሲጫን ደጀንን አልፎ ዓባይ በረሃ ይወርዳል፤ ድልድዩ ጋ ከፍታው ወደ 1,000 ሜትር ይጠጋል። ጎሐ ጽዮን ሲደርስ ደግሞ ከ2,400 ሜትር ያልፋል። ከረጢቱ ውስጥ የቀረው አየር ድልድዩ ጋ ይጨመቅና ሽቅብ ሲወጣ አንድ አምስተኛ ያህል ተጨማሪ ቦታ ይፈልጋል። ከረጢቱ እንደ ከበሮ ይነፋል። ሌላ ካርቶን ከላዩ ከተጫነማ የደከመው ቦታ ይከፈታል። ያ ቦታ ፋብሪካ የሠራው ጎኑ አይደለም፤ እኛ በእጃችን ያሸግነው አፉ ነው።

ከረጢቱ ሲታይ አንድ ላስቲክ ይመስላል እንጂ ቢያንስ ሁለት ንብርብር አለው። የተለመደው ከውጭ 12 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው) ፖሊኢስተር፣ ከውስጥ ከ60 እስከ 80 ማይክሮን ፖሊኤቲሊን ነው፤ ለቡና ሲሆን መሃሉ ላይ 7 ማይክሮን ያህል አሉሚኒየም ይገባል። ብልሃቱ ያለው የሚቀልጡበት ሙቀት ላይ ነው። የውስጡ 110 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፣ የውጩ ግን እስከ 250 ድረስ ይችላል። ማሽኑ ሲጫን ውስጡ እርስ በርሱ ይያያዛል፣ ውጩ ከነሕትመቱ እንዳለ ይቀራል።

በእጅ የሚጫነውን የማሸጊያ ማሽን የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚግለውን ሽቦ ስፋት ይይ። 2 ሚሊሜትር ለዱቄት አይበቃም፤ 5 ወይም 8 ይሻላል። የማሽኑን የሙቀት ቁጥር ከትንሹ ጀምሮ ባዶ ከረጢት ላይ ይሞክሩ፦ አሽገው፣ አቀዝቅዘው፣ በሁለት እጅ ይሳቡት። የታሸገው መስመር እንደ ተለጣፊ ወረቀት ከተላቀቀ ሙቀቱ አንሷል። ጠርዙ ሳስቶ በመስመሩ ላይ ከተበጠሰ በዝቷል። የታሸገው መስመር ሳይከፈት ላስቲኩ ራሱ ከተለጠጠ ቁጥሩ ያ ነው። መብራት ሲደክም ይኸው ቁጥር ብቻውን አይበቃም፤ ማታ ማታ እንደገና መሞከር ያስፈልጋል። የማሽኑ ምልክት መብራት ከጠፋ በኋላ እጀታውን ሦስት ሰከንድ ያህል ተጭኖ መቆየት ግድ ነው፤ የታሸገው መስመር ትኩስ ሳለ ገና ፈሳሽ ስለሆነ ቶሎ ከተለቀቀ ክብደቱ ራሱ ይከፍተዋል።

ከሁሉ የሚብሰው ጠላት የዱቄት ብናኝ ነው። በርበሬ ላስቲክ ላይ ይጣበቃል፤ በሁለቱ ገጾች መሃል የቀረች ቀጭን ብናኝ አየር የሚያሳልፍ መንገድ ትሆናለች። ስለዚህ ወፍራም ወረቀት እንደ ቱቦ ጠቅልሎ ከረጢቱ አፍ ላይ ካለው መክፈቻና መዝጊያ ዚፕ በታች አሳልፎ መሙላት፣ ከላይ 4 ሴንቲሜትር ባዶ መተው፣ የአፉን ውስጥ በደረቅ ጨርቅ መጥረግ። ዚፑን ማመን አይገባም። እሱ ለቤት እመቤቷ ነው፤ ከረጢቱን የሚያሽገው ከዚፑ በላይ ያለው መስመር ነው። ከወፍጮ የወጣ ትኩስ በርበሬ ወዲያው ከታሸገ ውስጡ ያልበዋል፣ ከዚያ ሻጋታ ነው። ንጹሕ ሸራ ላይ ዘርግቶ እጅ ሲነካው እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ ይገባል።

በገዛ ራሱ የሚቆመው ከረጢት የፈረንሳዊው የሉዊ ዶየን ፈጠራ ነው፤ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ የወጣ ሲሆን ዶይፓክ የሚለው ስምም ከእሱ የመጣ ነው። የታችኛው እጥፋት ሸክሙን ስለሚዘረጋው ሱቅ መደርደሪያ ላይ ያምራል። ጎኑ ብቻ የታጠፈው ዓይነት ግን አፉ ላይ ከአራት ንብርብር ወደ ሁለት የሚወርድበት ነጥብ አለው፤ የሚያፈሰው እዚያው ነው። ያንን ሁለት ጊዜ ማሸግ ነው መፍትሔው። ግልጽ መስኮት ያለውን ብዙ ሰው ይወዳል፤ ቀይነቱ ይታያላ! ፀሐይ ላይ የተሰቀለ እንደሆነ ግን ያንኑ ቀይነት ብርሃኑ ያነጣዋል።

የተቆላ ቡና ለብቻው ነው፤ ከታሸገ በኋላም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ማውጣቱን አያቆምም። ጣሊያናዊው ሉዊጂ ጎሊዮ የፈጠረው አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያስወጣ ቫልቭ ጋዙን አስወጥቶ ኦክስጅን አያስገባም፤ ጎሐ ጽዮንም አያስፈራውም። ለተፈጨ ቡና ማጣሪያ ያለው ቫልቭ ይጠየቅ፤ ያለዚያ ዱቄቱ ይደፍነዋል።

ሲጨርሱ ከየጭነቱ ሁለት ሦስቱን ሳፋ ውኃ ውስጥ ነክሮ መጫን ነው። አረፋ ከወጣ የታሸገው መስመር አልያዘም።

የጣናን ዓሣ አየሩን አውጥቶ ማሸግ ለሚያስቡ፦ አየር ማጣት ቦቱሊዝም የሚባለውን ገዳይ የምግብ መመረዝ የሚያመጣውን ባክቴሪያ አይገድለውም፣ ይመቸዋል እንጂ፤ መርዙም በማሽተት ላይታወቅ ይችላል። ከረጢቱ ፍሪዘር ይፈልጋል፣ ዓሣው የሚቀልጠውም ከረጢቱ ተከፍቶ በፍሪጅ ውስጥ ነው።