ከበሬሳ ወንዝ ዳር ወጥቼ ቴምዝ ዳር አራት ዓመት

ለንደን የት ነበርሽ ሲሉኝ ብዙ ጊዜ "ምስራቅ ለንደን" ብዬ ነው የማልፈው፣ ምክንያቱም የሰፈሩን ስም ከጠራሁ ወሬው ሁሉ ስሙ ላይ ይቀራል። አይል ኦፍ ዶግስ ነው የሚባለው፣ የውሾች ደሴት ማለት ነው። አባቴ በስልክ ስነግረው ትንሽ ዝም ብሎ ቆየና "አንቺ ልጅ፣ ሰው ያለበት ቦታ ነው ደሞ?" አለኝ። ከዛ ቀን ጀምሮ በደወልን ቁጥር ስለ ሰፈሩ ይጠይቀኛል፣ ስራሽ እንዴት ነው ከማለቱ በፊት እንኳን። እኔም ለሱ ለመመለስ ብዬ ነው ያለሁበትን ቦታ በደንብ ማየት የጀመርኩት። አሁን ደብረ ብርሃን ተመልሼ ይሄው ብርዱ ጋ ተቀምጬ ስጽፍ ያ ሁሉ የስልክ ጥያቄው ነው ትዝ የሚለኝ። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ እንዳትምታቱብኝ።)

ደሴት ይበሉት እንጂ ሙሉ ደሴት አይደለም። ቴምዝ ወንዝ እንደ ፈረስ ኮቴ ይዞርና በሶስት በኩል ይከበዋል፣ በአራተኛው በኩል ደግሞ ዶኮቹ አሉ። ዶክ ምን እንደሆነ ለአባቴ ማስረዳት ራሱን የቻለ ስራ ነበር። ቴምዝ እንደኛ ወንዝ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ አይሄድም፣ ባህሩ ይገፋዋል፣ በቀን ሁለቴ ይሞላል ሁለቴ ይጎድላል፣ በሙላቱና በጉድለቱ መሃል ያለው ልዩነት መሃል ለንደን ላይ ወደ 7 ሜትር ይደርሳል። ስለዚህ ድሮ መርከብ ውሃው ሲጎድል ጭቃ ላይ ይቀመጥ ነበር፣ እቃውም በጀልባ እየተመላለሰ ሲወርድ ይሰረቃል። ነጋዴዎቹ መሬቱን ቆፍረው ትልልቅ የውሃ ገንዳ ሰሩ፣ አፉ ላይ በር አለው፣ ውሃው ሲሞላ መርከቡን አስገብተው በሩን ይዘጉታል፣ ከዛ ወንዙ ቢጎድልም መርከቡ አይነካውም። በኛ ሰፈር የመጀመሪያው ዌስት ኢንዲያ ዶክ በ1802 ተከፈተ። የሚገባው እቃ ስኳር፣ ሩም፣ ቡና ከካሪቢያን ደሴቶች ነበር፣ ያመረቱት ደግሞ በባርነት የተያዙ አፍሪካውያን ናቸው። ከዛ ጊዜ የተረፈ አንድ የስኳር መጋዘን አሁን ሙዚየም ሆኗል፣ መግቢያው ነፃ ነው፣ እዛ ገብቼ የስኳሩን ታሪክ ሳነብ የወጣሁበት ሁኔታ ጥሩ አልነበረም፣ ቀኑን ሙሉ ሰው ማናገር አልቻልኩም።

አባቴን ከሁሉም በላይ የገረመው ግን ግንቡ ነው። ዶኮቹ በሙሉ በረጅም ግንብ ታጥረው ነበር፣ ወደ 6 ሜትር የሚሆን፣ ሌባ እንዳይገባ። ማለትም የሰራተኛው ሚስትና ልጆች ከውሃው መቶ እርምጃ ርቀት ላይ እየኖሩ ውሃውን አያዩትም። የመርከቦቹን ምሶሶና ክሬኑን ከጣራ በላይ ያያሉ፣ ጡሩምባውን ይሰማሉ፣ የስኳሩና የእንጨቱ ሽታ ይመጣላቸዋል፣ ውሃው ግን የለም።

ይሄን የነገሩኝ ፎቅ ስር የሚኖሩ ሽማግሌ ጎረቤቴ ናቸው፣ ሰማንያ ያለፋቸው፣ እሳቸውም አባታቸውም ዶክ ሰራተኛ ነበሩ። ደረጃ ላይ ቦርሳቸውን ስይዝላቸው ተዋወቅን፣ ከዛ በኋላ እሁድ እሁድ ሻይ እየጠጣን ያወሩልኛል። ጠዋት በር ላይ ሰው ተሰብስቦ ይቆማል፣ ካቦው ይወጣና አንተ፣ አንተ፣ አንተ ብሎ ይመርጣል፣ ያልተመረጠ ወደ ቤቱ ይመለሳል ወይ ከሰዓት እንደገና መጥቶ ይቆማል። "አባቴ ሳይመረጥ ሲቀር ቶሎ ቤት አይመጣም ነበር፣ እናታችን ፊት ባዶ እጁን መግባት ስለሚያፍር መንገድ ለመንገድ ይዞር ነበር" አሉኝ። እንደዚህ የሚቆሙ ሰዎች ናቸው በ1889 ስራ አቁመው በሰዓት 6 ሳንቲማቸውን፣ እነሱ ፔኒ የሚሉትን ማለት ነው፣ ያስከበሩት። በር ላይ ቆሞ መመረጡ ግን ሙሉ ለሙሉ የቀረው በ1967 ነው፣ ሽማግሌው ጎልማሳ ሆነው። እኔ ይሄን ስሰማ የኛ ከተማ አደባባይ ላይ በብርድ ጋቢ ተከናንበው አካፋ ይዘው የሚቆሙት ልጆች ናቸው ፊቴ የመጡት፣ ፒካፕ ሲቆም እየተሯሯጡ የሚከቡት።

ከዛ ኮንቴነር መጣ። ስራውን የገደለው እሱ ነው ማለት ይቻላል። ድሮ መቶ ሰው በትከሻው ለቀናት የሚያወርደውን ጭነት ጥቂት ሰው በክሬን በሰዓታት ያወርደዋል፣ መርከቡ ደግሞ ትልቅ ስለሆነ በነዚህ የድሮ በሮች አይገባም፣ ወደ ባህሩ ቀረብ ያለ ጥልቅ ወደብ ይፈልጋል፣ ስለዚህ ስራው ወደ ቲልበሪ ወረደ። ኢስት ኢንዲያ ዶክ በ1967 ተዘጋ፣ ሴንት ካትሪን በ1968፣ ለንደን ዶክስ በ1969፣ የኛዎቹ ዌስት ኢንዲያና ሚልዎል በ1980፣ ሮያል የሚባሉት ዶኮች በ1981። አስራ አራት ዓመት ብቻ! ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ የቆየ ነገር። ሽማግሌው "መጀመሪያ ሽታው ነው የጠፋው" ነው ያሉኝ፣ "ከዛ ድምፁ፣ ከዛ ሱቆቹ፣ ከዛ ልጆቻችን።"

ከዛ በ1981 መንግስት ለቦታው ልማት የሚሆን ድርጅት አቋቁሞ መሬቱን ለባለሃብት ከፈተ፣ በ1987 ሹፌር የሌለው ቀላል ባቡር ገባ፣ በ1991 ደግሞ 235 ሜትር የሚረዝም ፎቅ ካናሪ ዋርፍ ላይ ቆመ። ፎቁን ያሰራው የግል ኩባንያ ወዲያው በዓመቱ ከሰረ፣ ግን ፎቆቹ ቀሩ፣ ባንኮቹም ገቡ። ካናሪ የሚለው ስም ከየት እንደመጣ ታውቃላችሁ? በ1930ዎቹ ከካናሪ ደሴቶች ፍራፍሬ የሚራገፍበት መጋዘን ስለነበር ነው። አሁን ክራባት ያሰረው ሰው ሁሉ በፍራፍሬ መጋዘን ስም ነው የሚጠራው ቦታ የሚሰራው፣ እና ብዙዎቹ አያውቁትም፣ ጠይቄያለሁ።

እኔ የኖርኩት እዛ መስታወት ፎቅ ላይ እንዳይመስላችሁ። አሮጌ የቀበሌ ቤት በሚመስል ህንፃ ከሌሎች ሁለት የሐበሻ ልጆች ጋር ክፍል ተከራይተን ነበር። የመጀመሪያው ዓመት ከባድ ነበር። ብርዱ አይደለም፣ ከ2,800 ሜትር በላይ ላይ ያደገ ሰው ብርድ አያስደነግጠውም፣ ጠዋት ውርጭ ረግጠን ነው ትምህርት ቤት የሄድነው። የከበደኝ እንግዳነቱ ነው፣ ሰው በአጠገብሽ ያልፋል አያይሽም። አንድ ቅዳሜ ዝም ብዬ ስዞር ግን ከፎቆቹ ጀርባ ሳር ያለበት ጉብታ ላይ ወጣሁና ምን አየሁ፣ በግ! መንጋ በግ፣ ከኋላቸው ያ ሁሉ የባንክ ፎቅ ቆሟል። ቆሜ አለቀስኩ፣ እውነቴን ነው።

ቦታው ማድሹት ይባላል። ሚልዎል ዶክ ሲጠረግ የሚወጣውን ጭቃ በቧንቧ እየገፉ እዛ ይደፉት ነበር፣ ያ ጭቃ ተከምሮ ነው ጉብታ የሆነው፣ ስሙም ከዛ ነው የመጣው። በ1970ዎቹ ረጃጅም ፎቅ ሊሰራበት ሲታሰብ የሰፈሩ ሰው አይሆንም ብሎ ታገለና በ1977 የእርሻ ቦታ አደረጉት፣ 32 ኤከር፣ ወደ 13 ሄክታር ማለት ነው። ወዲያው ለአባቴ በቪዲዮ ደወልኩለት። ስልኩን አዙሬ በጎቹን ሳሳየው ፎቁን አላየውም፣ አንዴም አልጠየቀኝም፣ አይኑ በጎቹ ላይ ነው።

"ላት የላቸውም እኮ!" አለኝ።

"የፈረንጅ በግ እንደዛ ነው አባዬ።"

"ጠጉሩስ? ጠጉሩ ምን ይመስላል፣ እስቲ ቅረቢያት።"

አባቴ ብርድ ልብስ ፋብሪካችን ፈትል ክፍል ነው እድሜውን የጨረሰው፣ በጃንሆይ ጊዜ የተተከለው ፋብሪካ። ከዛ በፊት እናቱ፣ አያቴ ማለት ነው፣ መንዝ ላይ ጠጉር ፈትላ ባና የሚባለውን የሱፍ ብርድ ልብስና በርኖስ ታሰራ ነበር። ስለዚህ ጠጉር ማለት ለሱ የሚታይ ብቻ አይደለም፣ በጣቱ ነው የሚያውቀው። በሌላ ቀን "ያ ዶክ የምትይው ጋ ጠጉርስ ይገባ ነበር?" ብሎ ጠየቀኝ። አላውቅም ነበርና ያንን ሙዚየም ሄጄ ጠይቄ መጣሁ፣ አዎ ይገባ ነበር፣ ከኛ ትንሽ ከፍ ብሎ ዋፒንግ የሚባለው ሰፈር ለንደን ዶክስ ውስጥ ከአውስትራሊያ የሚመጣ የበግ ጠጉር የሚከማችባቸው ትልልቅ መጋዘኖች ነበሩ፣ ገዢዎች እዛው ወጥተው በእጃቸው እየፈተሹ ይመርጡ ነበር። ይሄን ስነግረው የተደሰተውን አትጠይቁኝ፣ "በይ ወንድሞቼ ናቸው" አለ።

ስራዬ ወንዙ ማዶ ግሪንዊች ነበር፣ አረጋውያን መንከባከብ። ጠዋት በእግሬ ነበር የምሻገረው፣ ከወንዙ ስር። በ1902 የተሰራ የእግረኛ ዋሻ አለ፣ 370 ሜትር ገደማ፣ ግድግዳው ነጭ ሸክላ። የተሰራው ደቡብ ለንደን የሚኖሩ ሰራተኞች ወደ ዶኮቹ እንዲመጡበት ነው። አስቡት፣ እነሱ ጠዋት ወደዚህ ሲመጡ በሄዱበት መንገድ እኔ ከመቶ ዓመት በኋላ ወደዛ እሄዳለሁ። ከላዬ ያ ሁሉ ውሃ አለ፣ ጠብታው ግን አይነካኝም።

ውሃውን በተመለከተ ሁሌ ውስጤ የሚመላለስ ነገር ይሄ ነው። ግንቡ ፈርሷል፣ ግን ሰፈርተኛው አሁንም ውሃው ጋ አልደረሰም። ወንዙ የሚታይበት ቤት ሌላ ዋጋ ነው። ወንዙን ተከትሎ የእግር መንገድ አለ፣ ደስ ይላል፣ ግን እየሄድሽ በየመሃሉ አንድ ህንፃ ጋ ስትደርሺ አጥር ይመጣና ወደ ውስጥ በአስፋልት ዞረሽ ሂጂ ይልሻል። ድሮ ሌባ እንዳይገባ ተከለከለ፣ አሁን በገንዘብ። ሽማግሌው ጎረቤቴ ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ የሚያዩት የቆሻሻ ማጠራቀሚያውን ጓሮ ነው። ደግሞ ልንገራችሁ፣ ወንዙ ራሱ ድኗል። በ1950ዎቹ ሞቷል የተባለ ወንዝ ነበር፣ በቆሻሻ ብዛት ኦክስጅን አጥቶ አሳ የማይኖርበት፣ አሁን የባህር እንስሳ ሳይቀር ይገባበታል፣ የፍሳሽ ቆሻሻ እንዳይገባበትም 25 ኪሎሜትር ዋሻ ከስሩ ሰርተውለታል። ወንዝ ይድናል ማለት ነው! ከተፈለገ ይድናል። ሰፈሩ ግን ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ መልሶ አይገኝም።

እና ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ደብረ ብርሃን እኔ ስወጣ የነበረችው አይደለችም፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ አለ፣ ቢራው፣ ብረቱ፣ ዱቄቱ፣ ምኑ ቅጡ፣ ከጠባሴ ወደ አዲስ አበባ መውጫ ድረስ ፋብሪካ በፋብሪካ ነው። ደስ ይለኛል፣ ይሄን በግልፅ ልናገር፣ የሰፈሬ ልጆች ደሞዝ አላቸው፣ ስራ የሌለበትን ሰፈር ደግሞ አይቼዋለሁ። ግን ወንዛችንን በሬሳን ሳይ ሆዴ ይላወሳል። ልጅ ሆነን ቅዳሜ ቅዳሜ ከእማዬ ጋር ልብስ አጠባ እንወርድ ነበር፣ ድንጋዩ ላይ ባናውን እየረገጥን፣ ከብቱም እዛው ይጠጣል፣ ከኛ በታች ደግሞ የቄስ ትምህርት ቤት ልጆች ይዋኛሉ። ይሄ ውሃ ወደ ጀማ ይወርዳል፣ ከጀማ ወደ ዓባይ። አሁን የምንወርድበት መንገድ አንዱ በቆርቆሮ ታጥሯል፣ ሌላው የግንባታ አፈር ተደፍቶበታል፣ ውሃው ደግሞ አንዳንድ ቀን አረፋ ይይዛል፣ ከየት እንደሚመጣ እርስ በርስ ነው የምንጠያየቀው። እኔ የምለው፣ ከተማ ፕላን ላይ የምትሰሩ የሀገሬ ልጆች ይሄን ካነበባችሁት፣ ፋብሪካው ይስፋ፣ ቤቱም ይሰራ፣ ግን በወንዙ ዳር ዳር ሰው የሚሄድበት መንገድ ከአሁኑ ይከለል፣ ገና መሬቱ ባዶ እያለ። በኋላ መስታወት ቤት ከቆመበት በኋላ ማንም አያፈርሰውም።

ባለፈው እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አባቴን ይዤው ወረድኩ። ጉልበቱ ስለሚያመው ቀስ እያልን ነው፣ በሰው ጓሮ አስፈቅደን ነው ያለፍነው። እማዬ የምታጥብበት ድንጋይ አለ፣ ትንሽ አዘንብሏል። አባቴ ከዘራውን ለኔ ሰጠኝና ጎንበስ ብሎ እጁን ውሃው ውስጥ ከተተ፣ ቆየ፣ አወጣና በጋቢው ጫፍ ጠረገው።

"ያኛውስ" አለኝ፣ "የዛኛው ወንዝ ውሃ እንደዚህ ይቀዘቅዛል?"

"አላውቅም አባዬ፣ ነክቼው አላውቅም።"

"አራት ዓመት ሙሉ?"

"አራት ዓመት ሙሉ።"