እግሩስ?

ይህ ከሆነ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። እስካሁን ግን ስለ ሸማኔ የጻፍኩትን ያንን መጽሐፍ ገልጬ ገጽ 11 ላይ ስደርስ ይቆረቁረኛል።

የልጆች መጻሕፍት ነው የምጽፈው። አርብ አርብ ከሰዓት በኋላ ቤት አልቀመጥም። ደብተሬን ይዤ እወጣለሁ፤ የማላውቀውን አንድ ነገር አውቄ እመለሳለሁ። አንድ ብቻ። ግን ነገሩን ከሚሠራው ሰው አፍ፣ በራሱ ቃል። አንዳንዱ አርብ ስድስት ኪሎ ያደርሰኛል። ንጉሠ ነገሥቱ ከ1953ቱ የታኅሣሥ መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ ለዩኒቨርሲቲው የሰጡት ቤተ መንግሥት ውስጥ ያለው ሙዚየም በጣም ይመቸኛል። ዕቃው የተደረደረው በብሔር ሳይሆን በሰው ዕድሜ ነው፤ ከልደትና ከልጅነት ጀምሮ እስከ ሞት። የልጅነቱ ክፍል ውስጥ አንድ ሰዓት ቆሜ አውቃለሁ። ሌላ አርብ ደግሞ ለቡሄ ሙልሙል ከሚጋግሩ እናት ጓዳ እገባለሁ። አንዳንዴ ባዶ እጄን የምመለስበትም አለ።

ያን ጊዜ ግን ሰባት አርብ ሙሉ አንድ ቦታ ተመላለስኩ። ሽሮ ሜዳ።

ሽሮ ሜዳን የሚያውቅ ሁሉ የሚያውቀው ከመንገዱ ዳርና ዳር ያሉትን ሱቆች ነው። የተሰቀለው ቀሚስ፣ ነጠላው፣ የጥለቱ ቀለም። እኔ የፈለግሁት ከሱቆቹ ጀርባ ነበር። ቅያሱን ይዘህ ወደ ውስጥ ስትገባ ከጭቃ ቤቶቹ መሃል ጧ፣ ጧ የሚል ድምፅ ትሰማለህ። በሩን ጎንበስ ብለህ ትገባለህ። ዓይንህ ጨለማውን እስኪለምድ ትንሽ ይወስዳል። ከዚያ በመጀመሪያ የሚታይህ ነጩ ድር ነው፣ ቤቱን አቋርጦ ተወጥሯል። ቀጥሎ ሰውየው። ከወገባቸው በላይ ብቻ።

እኔን ያስተማሩኝ ሸማኔ ከጨንጫ የመጡ ናቸው። ጋሼ ነው የምላቸው። መሬቱ ተቆፍሯል። እሳቸው ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ወደ ውስጥ ሰደዋል። ታች ሁለት መርገጫ አለ። አንዱን ሲረግጡ ግማሹ ድር ይነሳል፤ በተከፈተው መሃል ማጉን፣ አግድም የሚገባውን ክር፣ የያዘችውን መወርወሪያ ከቀኝ ወደ ግራ ይልኳታል፤ ማጉን ጠበቅ ያደርጉታል፤ ሌላውን ይረግጣሉ፤ መወርወሪያዋ ትመለሳለች። እጃቸው በጣም ስለሚፈጥን መጀመሪያ ዓይኔ እጃቸው ላይ ብቻ ነበር።

«እጄን ምን ታያለሽ ልጄ፤ የሚሠራው እግሬ ነው» አሉኝ።

ያን ቀን ደብተሬ ላይ የጻፍኩት ይህችን ብቻ ነው።

በሌላ አርብ ደግሞ ጋቢ ለምን መሃሉ ላይ ስፌት እንዳለው ጠየቅኳቸው። ልጅ ሆኜ ጋቢ ውስጥ ተጠቅልዬ ስተኛ ያንን ስፌት በጣቴ እየተከተልኩ ነበር እንቅልፍ የሚወስደኝ። ለምን እንደተሰፋ ግን አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም። ሁለት እጃቸውን ግራና ቀኝ ዘረጉልኝ። መወርወሪያዋን የሚልካትም የሚቀበላትም የራሳቸው እጅ ነው፤ ስለዚህ ሸማው እጃቸው ከሚደርስበት በላይ ሊሰፋ አይችልም። ሰፊ ሲፈለግ ሁለቱ ጎን ለጎን ይሰፋል። ጋቢዬ የአንድ ሰው ክንድ ልክ ነበር ማለት ነው። እቤት ስመለስ ታክሲ ውስጥ ዓይኔ እንባ ሞላ።

ከዚያ ጻፍኩት። ባለ 24 ገጽ፣ ከሰባት እስከ ዘጠኝ ዓመት ላሉ ልጆች። ታሪኩ የአባቷን መወርወሪያ ተከትላ ስለምትሄድ አንዲት ልጅ ነው። ገጽ 11 ላይ እንዲህ የሚል ነበረ፦ «አባባ እግራቸውን ጉድጓዱ ውስጥ ሰደዱ። አንዱ እግር ሲወርድ ሌላው ይወጣል። የሚሠራው እግር ነው።»

አርታኢው ጠራኝ።

«ጉድጓዷን እናውጣት» አለኝ።

«ለምን?»

«ልጅ ይፈራል። ሰውየው ግማሽ አካሉ የተቀበረ ነው የሚመስለው። ደግሞ ለአንድ ገጽ 40 ቃል ነው ያልነው፣ አንቺ 52 አድርገሽዋል።»

ስለ ቃል ብዛቱ እውነቱን ነበር። ስለ ፍርሃቱ ደግሞ እርግጠኛ ሆኖ ነው የተናገረው። እሱ ብዙ መጽሐፍ ያወጣ ሰው ነው፤ እኔ ያኔ ሦስተኛዬ ነበር። እሺ አልኩ። ጉድጓዱ ወጣ፣ እግሩም አብሮ ወጣ። «አባባ ቁጭ ብለው ሸማ ይሠራሉ» የሚል ቀረ።

ጽሑፉ ወደ ሠዓሊው የሄደው ከዚህ በኋላ ነው። ሠዓሊው ወጣት ነው፣ እጁ የተባረከ ልጅ። ያደገው ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው፤ ሸማኔ ሲሠራ በዓይኑ አይቶ አያውቅም፤ ሽሮ ሜዳ የሚያውቀው እናቱ ለበዓል ቀሚስ ስትገዛ ተከትሎ ሄዶ ነው። ጽሑፉ «ቁጭ ብለው» ይላል። ኢንተርኔት ላይ ፈለገ። ያገኘውን ሣለ።

ፕሩፉ፣ ከመታተሙ በፊት አይተን የምንፈርምበት ቅጂ፣ የመጣው ሐሙስ ማታ ነው። ማተሚያ ቤት የሚገባው ሰኞ። ገጽ 11ን ስገልጥ አባባ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ጥሩ የእንጨት ወንበር፣ መደገፊያ ያለው። ከፊታቸው ረጅም የፈረንጅ አገር የሽመና ዕቃ ቆሟል። ጫማ አድርገዋል። ሁለቱ እግሮች ወለሉ ላይ ጎን ለጎን አርፈዋል፣ ምንም አይሠሩም። ጥግ ላይ ደስ የምትል ድመት አለች።

ወዲያው ደወልኩ።

«ሥዕሉ ልክ አይደለም። ሸማኔ እንዲህ አይቀመጥም።»

«የቱ ጋ?»

«ወንበሩ። ዕቃው። ሁሉም።»

«እሱን የሚያስተውል ልጅ የለም» አለኝ። «ልጅ የሚያየው ድመቷን ነው።»

ይህችን ንግግር አልረሳትም። ዛሬም ስልኩን እንደያዝኩ የቆምኩበት ቦታ ይታየኛል። ሁለተኛ ተናገርኩ። የወረቀት ዋጋ በየሳምንቱ እንደሚጨምር፣ ሠዓሊው እንደገና እስኪሥል አሥር ቀን እንደሚፈጅ፣ ወረፋችንን ሌላ እንደሚወስደው ነገረኝ። ሁሉም እውነት ነው። በዚህ ሥራ ውስጥ ያለ ሰው ያውቀዋል፣ ወረፋ ካለፈህ የሚመለስበት ጊዜ አይታወቅም። ዓርብ ጠዋት ሄጄ ፕሩፉ ላይ ፈረምኩ። ያን ቀን ከሰዓት ሽሮ ሜዳ መሄድ አልቻልኩም። የጋሼን ፊት ማየት ከበደኝ።

መጽሐፉ ወጣ። ሰው ወደደው። ወላጆች ፎቶ እያነሱ ላኩልኝ፣ ልጆቻቸው ደረታቸው ላይ አቅፈውት የተኙትን። ቀስ በቀስ ረሳሁት ልበል፤ ቢያንስ በየቀኑ ማሰቡን ተውኩ።

ከዚያ ጉለሌ ውስጥ አንድ ትምህርት ቤት እንዳነብላቸው ጠሩኝ። ሁለተኛ ክፍል፣ ወደ 40 የሚሆኑ ልጆች። «ተረት ተረት» አልኩ፣ «የላም በረት» ብለው ጮኹ፣ ግድግዳው ተንቀጠቀጠ። ከዚህ ድምፅ የሚበልጥብኝ ነገር የለም። መጽሐፉን ወደነሱ አዙሬ፣ ገጹን እየገለጥኩ ማንበብ ጀመርኩ። ገጽ 11 ላይ ከኋላ አንድ እጅ ወጣ።

ቀጭን ልጅ ነው። ሹራቡ እጅጌው ላይ ተተልትሏል።

«ቲቸር፣ እግሩስ?»

«እግሩ ይኸው» አልኩ፣ በጣቴ አሳየሁት።

ተነስቶ መጣ። ማንም አላስነሳውም። ሥዕሉ ላይ ጎንበስ ብሎ አየ። ክፍሉ ዝም አለ።

«አይደለም» አለ። «ይሄ ሰውዬ በምን ይረግጣል?»

መልስ አጣሁ። እውነቴን ነው፣ አፌ ደረቀ። ልጁ ግን እኔን ለማሳፈር አልነበረም የጠየቀው፤ የምር ጨንቆታል። ሰውየው መሥራት እንዴት እንደሚችል ሊገባው አልቻለም።

«የኔ አባት እግሩ ጉድጓድ ውስጥ ነው» አለ። «ጫማም አያደርግም።»

ያን ጊዜ የአርታኢው ቃል ትዝ አለኝና ጠየቅኩት። «ጉድጓዱ ያስፈራል እንዴ?»

እንደማይረባ ጥያቄ አየኝ።

«እኔ እሱ ውስጥ ነው የምደበቀው። አባቴ ለምሳ ሲወጣ። እህቴ አታገኘኝም።»

ክፍሉ ተናጋ። «እኔም ልግባ!» «ትልቅ ነው?» «ስንት ሰው ይይዛል?» ሁሉም ከበቡት። አንዲት ልጅ ደግሞ ቀስ ብላ «የኔም አባት አለው» አለች። ከዚያ ሌላ አንድ ልጅ። ሦስት የሸማኔ ልጆች አንድ ክፍል ውስጥ ነበሩ፤ ያ ልጅ ባይናገር ሁለቱ ዝም ብለው መጽሐፌን ሰምተው ወደ ቤታቸው ይሄዱ ነበር። ድመቷን የጠየቀ ልጅ አልነበረም።

ስወጣ መምህርቷ በር ላይ ያዘችኝ። ያ ልጅ ክፍል ውስጥ እጁን የሚያወጣ ልጅ እንዳልሆነ ነገረችኝ።

ያን ምሽት እንቅልፍ አልወሰደኝም። የከበደኝ ነገር የሥዕል ስህተት ብቻ አልነበረም። ሸማኔ በአገራችን ልብሳችንን እየሠራ የተሰደበ ሰው ነው። ጋሼ ራሳቸው ልጅ ሆነው የተባሉትን ነግረውኛል፤ እዚህ አልደግመውም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ብረት የሚሠራውን፣ ሸማ የሚሠራውን በሙያው አትስደቡ ብለው በአዋጅ እስከ መከልከል የደረሱት ነገሩ ምን ያህል ሥር የሰደደ ቢሆን ነው። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎ ሸማኔው የልጆች መጽሐፍ ውስጥ ሊገባ ዕድል ሲያገኝ፣ እኛ እግሩን ወስደን የሌላ አገር ሰው ወንበር ላይ አስቀመጥነው። ልጁ አባቱን መጽሐፍ ውስጥ ፈልጎ አጣው። ያን ፕሩፍ የፈረምኩት እኔ ነኝ።

ለአርታኢው ስነግረው «አንድ ልጅ ነው እኮ» አለኝ። ሦስት ናቸው አልኩት። ከዚያ ወዲህ አብረን አልሠራንም። አሁንም ልጆች ምን እንደሚያስተውሉና ምን እንደሚፈሩ ለወጣት ጸሐፊዎች ሲያስረዳ እሰማለሁ። አብሬው በሠራሁባቸው ዓመታት አንድም ቀን ለልጆች ሲነበብ መጥቶ አልተቀመጠም። ስድስት ጊዜ ጠርቼዋለሁ።

ሠዓሊውን ግን አልተቀየምኩትም፣ የሰጠነው ጽሑፍ ነው ያሳሳተው። ጥፋቱ የኔም ነበር። ሰባት አርብ ስመላለስ አንድ ቀን እንኳ ና አብረን እንሂድ አላልኩትም። ያየሁትን ሁሉ ደብተሬ ውስጥ ብቻ ይዤ ነበር። በሚቀጥለው አርብ ይዤው ሄድኩ። ጋሼ ሥዕሉን ተቀብለው ረጅም ጊዜ አዩት። አልተቆጡም። «ወንበሩ ጥሩ ነው» አሉ። ከዚያ ከጉድጓዱ ወጥተው ቦታቸውን ለሠዓሊው ለቀቁለት።

ልጁ ጫማውን አውልቆ ገባ። መርገጫውን ሲረግጥ ድሩ ከፊቱ ተከፈተ። «እንዴ!» ብሎ ጮኸ። ሦስት ሰዓት ያህል እዚያው ቆየን፣ ሲሥል፣ ሲረግጥ፣ እንደገና ሲሥል። ማታ መብራት እስኪበራ።

አሁን ሁለት ነገር አደርጋለሁ። አርብ ስወጣ ሠዓሊው አብሮኝ ይወጣል። መጽሐፍ ከመታተሙ በፊት ደግሞ ጽሑፉም ሥዕሉም ሥራው የሚሠራበት ቤት ሄዶ ይታያል፤ ሸማኔም ይሁን ሸክላ ሠሪ ወይ ጋጋሪ። አሳታሚ ይህን ካልተቀበለ አልፈርምም። በዚህ ምክንያት አንድ ሥራ አምልጦኛል።

የመጀመሪያው እትም ግን አላለቀም። ወንበሩ እንዳለ እየተሸጠ ነው። ስለዚህ ለልጆች ሳነብ አዲሱን ሥዕል በወረቀት አሳትሜ ገጽ 11 ላይ አስገባዋለሁ።

ባለፈው ወር ያንን ትምህርት ቤት ተመልሼ ሄጄ ነበር። ልጁ አድጓል፤ ሦስተኛ ክፍል ነው። አዲሱን ሥዕል ሰጠሁት። ጉድጓዱን አየ። ሁለቱን መርገጫዎች አየ፣ ባዶ እግሩን አየ፣ ጣቶቹን በጣቱ ቆጠረ። እኔ ትንፋሼን ይዣለሁ።

«ልክ ነው» አለ።

ከዚያ ጉድጓዱ አፍ ላይ፣ በስተቀኝ በኩል ባዶ የቀረችውን ቦታ ነካ።

«እዚህ ጋ ግን ሬዲዮ አለ።»

ደብተሬን አውጥቼ ጻፍኩት።