አንድ ቀጠሮ የቀረበት ሰው

ሰሞኑን ከአንድ ዳታ ጋር ተፋጥጬ ነው የከረምኩት። የደም ግፊት ታካሚዎች ናቸው። መድኃኒት ከጀመሩበት ቀን አንስቶ በየሦስት ወሩ እየተቀጠሩ ግፊታቸው ተለክቷል፤ ዓመት እስኪሞላ ለአንድ ሰው አምስት ልኬት ማለት ነው። ሁለት ቡድን አለ። የሚፈለገው የግፊቱ አወራረድ በሁለቱ ቡድኖች ይለያይ እንደሆነ ማወቅ ነው።

እዚህ ሀገር ይህን ጥያቄ ለቴሲሱ ይዞ ለሚመጣ ተማሪ የሚሰጠው መልስ ብዙ ጊዜ ያው ነው፦ ኤስፒኤስኤስ የሚባለውን የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ክፈት፣ ሪፒትድ ሜዠርስ አኖቫ (ከአንድ ሰው ተደጋግሞ የተወሰደ ልኬትን አማካይ የሚያነጻጽር ዘዴ) ሥራ። መጥፎ ምክር አይደለም። ግን ዳታው ሙሉ ከሆነ ነው። የኛ ዳታ መቼ ሙሉ ሆኖ ያውቃል? ለጎደለ ዳታ ሚክስድ ሞዴል የሚባል ሌላ ዘዴ አለ፤ የዛሬው ወሬዬ በሁለቱ መካከል ስላለው ልዩነት ነው።

ሪፒትድ ሜዠርስ የአንድን ሰው አምስት ልኬት በአንድ ረድፍ ጎን ለጎን ነው የሚፈልገው። ከአምስቱ አንዷ ባዶ ከሆነች ሰውዬው በሙሉ ይወጣል፣ አራቱ ልኬቶች ቁጭ ብለው እያሉ። ውጤቱ ሲጀምር ከላይ የቡድኖቹን ብዛት የምታሳይ ትንሽ ሰንጠረዥ አለች፤ እሷ ላይ ያለው ቁጥር ፋይሉ ውስጥ ካሉት ሰዎች ያንሳል። ሁሉም ሰው ግን ፒ ቫልዩ (ልዩነቱ በአጋጣሚ ሊመጣ ይችል እንደሆነ የሚመዘንበትን ቁጥር) ፍለጋ ወደ ታች ስለሚሮጥ እሷን ልብ የሚላት ጥቂት ነው።

እኔን የሚያንገበግበኝ የወጡት እነማን ናቸው የሚለው ነው። ካርዳቸውን ስታገላብጡ አዝመራ ሊሰበስብ ገጠር የሄደ አለ። የትራንስፖርት ያጣች እናት አለች። ተሽሎኛል ብሎ የተወ አለ፤ ብሶበት አልጋ የያዘም አለ። እነዚህ በዕጣ የወጡ ሰዎች አይደሉም። እነሱን ጥለን በቀሩት ብቻ ስንሠራ የምናገኘው ቀጠሮ የማያዛንፍ ሰው ግፊት ነው፤ ሪፖርቱ ላይ ግን ስለ ታካሚው ሁሉ አድርገን እንጽፈዋለን።

የሁለቱን ዘዴዎች ልዩነት ጥርት አድርጎ ለማየት አር በሚባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ውስጥ ኤልኤምኢ ፎር ከሚባለው ፓኬጅ ጋር የሚመጣውን ስሊፕስተዲ የሚባል ዳታ መክፈት ይበቃል። እንቅልፋቸው በቀን ወደ ሦስት ሰዓት የተቀነሰባቸው 18 ሰዎች ናቸው፤ የምላሽ ፍጥነታቸው ለ10 ቀን በሚሊሰከንድ ተለክቷል። 180 ልኬት፣ አንድም ባዶ የለውም። እስቲ ከስድስት ሰዎች አንድ አንድ ቀን አጥፉ። የጠፋው 6 ልኬት ነው፣ ከመቶ አራት እንኳ አይሞላም። በኤስፒኤስኤሱ ሪፒትድ ሜዠርስ ግን 6 ሰው ከቀሩት 54 ልኬቶቹ ጋር ይሄዳል፣ 12 ሰው ብቻ ይቀራል። ሚክስድ ሞዴል በ174ቱም ልኬት፣ በ18ቱም ሰው ይሠራል። ዳታውን ወደ ታች ስለሚዘረጋው፣ ማለትም አንድ ልኬት አንድ ረድፍ ስለሆነ፣ የጎደለችው ረድፍ ብቻዋን ትጎድላለች።

በዚያ ላይ ሰውን በሰው ያሳያል። ስሊፕስተዲ ላይ ምላሻቸው በአማካይ በየቀኑ 10.5 ሚሊሰከንድ ገደማ ይዘገያል። ለእያንዳንዱ የራሱን መነሻና የራሱን ስሎፕ (በየቀኑ የሚለወጥበትን መጠን) ስትሰጡት ግን አንዱ በቀን 20 ሊሞላ ምንም አይቀረው፣ ሌላው ጭራሽ አይነቃነቅም። ሐኪም ማወቅ የሚፈልገው ይህንን መሰለኝ። (ሐሳቡ የዛሬ አይደለም። ቻርልስ ሄንደርሰን በፈረንጆቹ 1950ዎቹ የወተት ከብት ዘር ለመምረጥ ሲለፋ ነው መሠረቱን የጣለው፤ ሌርድና ዌር በ1982 በየጊዜው ለሚለኩ ሰዎች በሚመች መልክ አስቀመጡት። እኛ ጋ ግን ዛሬም እንደ ቅንጦት ይታያል፣ ይህ ያሳዝነኛል።)

ሚክስድን የመረጠ ሁሉ ዳነ ማለት ግን አይደለም። ኤስፒኤስኤስ ላይ ተደጋጋሚውን ልኬት ስታስገቡ ተመርጦ የሚጠብቃችሁ የኮቫሪያንስ (የአንድ ሰው ልኬቶች እርስ በርስ የሚያያዙበት መንገድ) ዓይነት ዲያጎናል ነው። ዲያጎናል ማለት የአንድ ሰው የመጋቢት ግፊት ከሰኔ ግፊቱ ጋር አይገናኝም ማለት ነው። እንዴት አይገናኝም? ወደዚህ ሞዴል የመጣነው እኮ ስለሚገናኝ ነው! እሱን ሳይነኩ ኦኬ ብሎ ማለፍ ሪፒትድ ሜዠርስ ከመሥራት የባሰ ሊሆን ይችላል። ቀጠሮው እኩል ከተራራቀና ቅርብ ለቅርብ ያሉት ልኬቶች ይበልጥ የሚመሳሰሉ ከሆነ ኤአር ዋን የሚባለው ዓይነት ይሞከራል። እያንዳንዱን ዝምድና ለየብቻ የሚገምተው አንስትራክቸርድም አለ፤ ለአምስት ልኬት 15 ነገር ይገምታል፣ ሰው ካነሰ አልገጥምም ይላል።

ዳታችሁ በእውነት ሙሉ ከሆነ ደግሞ አትጨነቁ። ኮምፓውንድ ሲሜትሪ (የትኞቹም ሁለት ልኬቶች እኩል ይያያዛሉ የሚለው ዓይነት) የተሰጠው ሚክስድና ስፌሪሲቲን (በየትኞቹም ሁለት ጊዜያት መካከል ያለው ልዩነት እኩል ይዋዥቃል የሚለውን ግምት) የተቀበለው ሪፒትድ ሜዠርስ በሙሉና በተመጣጠነ ዳታ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ያንኑ ኤፍ (ፒ ቫልዩ የሚሰላበትን ቁጥር) ነው የሚያወጡት። ያኔ "አሮጌ ዘዴ ነው" ብሎ ተማሪን ማሸማቀቅ አግባብ አይመስለኝም።

ሚክስድ የማይፈታው አንድ ነገር አለ። የሰውየው መቅረት ቀደም ብሎ ከተመዘገበው ግፊቱ ጋር የሚያያዝ ከሆነ ሚክስድ ይችለዋል። የቀረው ግን ያን ቀን ባልለካነው ግፊት የተነሳ ከሆነ፣ ለምሳሌ ድንገት አሻቅቦ ከጣለው፣ ሞዴሉ ይህን ከየት ያምጣው? ስለዚህ ቅጹ ላይ ከባዶው ሳጥን ጎን አንድ ዓምድ አስጨምሬያለሁ፦ ለምን ቀረ። ሞቷል፣ ወደ ሌላ ጤና ጣቢያ ተዛውሯል፣ መድኃኒት አቁሟል፣ አልታወቀም። ያልታወቁት ብዙ ናቸው፤ ስልክ ያላቸውን ከነርሶቹ ጋር ተከፋፍለን መደወል ጀምረናል።