የዓርብ ሙሊት

ድሬዳዋ የሄድኩት በግንቦት ነው። ከአዲስ አበባ ለሚመጣ ሰው ግንቦት ድሬ የሚገባበት ወር አይደለም፤ ግን አለቃ ሲልክህ ወር አትመርጥም።

ሥራው ትንሽ ነበር፤ የአንድ ግቢ ወለል መሥራት። ከዚራ ሰፈር፣ ዛፎቹ መንገዱን ከሸፈኑበት በኩል፣ አንዲት እናት ፔንሲዮን አላቸው። ሁላችንም "እትዬ" ነበር የምንላቸው። ግቢያቸው አፈር ነው። ንፋስ ሲነሳ አቧራው የእንግዳ አንሶላ ላይ ያርፋል። ዝናብ ሲጥል ደግሞ ጭቃው እስከ ኮሪደር ይገባል። ያኔ ከተመረቅኩ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። ሦስት ዓመት ማለት ሁሉን የማውቅ የሚመስለኝ ጊዜ ነበር።

እኔ ኮብልስቶን አስቤ ነበር። እትዬ ከአፌ ነጠቁኝ። "ጥቁር ድንጋይ እዚህ አገር ምጣድ ነው። እስከ ማታ ይፋጃል። እኔ ደግሞ ግቢዬን በባዶ እግሬ ነው የምረግጠው" አሉ። ሴራሚክስ? ውሃ ሲነካው ሰው ይጥላል። ሊሾም አልፈለጉም። የሚፈልጉት ጎረቤታቸው ቤት ያዩትን ነው፦ ነጣ ያለ፣ ሻከር ያለ፣ እዚያው ቦታ ላይ ፈሶ የደረቀ፣ ጠጠሩ ላዩ ላይ የሚታይ ወለል።

ነገሩ ለአገሩ የተሠራ ነው። ድሬዳዋ ዙሪያ የኖራ ድንጋይ ሞልቷል። ከተማዋ ከጣሊያን ጊዜ ጀምሮ የሲሚንቶ ፋብሪካ ያላትም ለዚሁ ነው። ሲሚንቶ ማለት የኖራ ድንጋይ ከሸክላ አፈር ጋር ተፈጭቶ፣ 1,450 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ውስጥ አልፎ፣ እንደገና የተፈጨ ነገር ነው። የኖራ ድንጋይ ጠጠርን በሲሚንቶ ስታቦካ እንግዲህ ዘመዳሞችን ነው የምታገናኘው። ይቺን በትምህርት ቤት ተምሬያታለሁ። ፈተናም ላይ መጥታ መልሻታለሁ። ሳይት ላይ ግን ትዝ አላለችኝም።

ግንበኛው ስልሳን ያለፉ ሰው ናቸው። ሰው ሁሉ "ሀጂ" ነው የሚላቸው። እሳቸው እኔን "ኢንጂነር" ይሉኛል፤ ግን አባባላቸው ላይ ትንሽ ፈገግታ አለች።

ግቢው 10 ሜትር በ7 ሜትር ከግማሽ ነው። አፈሩን 25 ሴንቲ ቆፍረን አወጣን። 15 ሴንቲ ገረጋንቲ ሞልተን ውሃ እያጠጣን ጠቀጠቅነው። የቀረችው 10 ሴንቲ ለኮንክሪቱ ነች። ለእያንዳንዱ ሜትር 2 ሴንቲ ዝቅ እያለ ወደ በሩ ቦይ እንዲወርድ ልኩን ያዝኩ። በዚህ ተዳፋት በጣም ኮርቼ ነበር። በኋላ እሱም ጉድ ሠራኝ፤ እመጣበታለሁ።

ከሀጂ ጋር መጀመሪያ የተጋጨነው በክፍፍሉ ነው። ሀጂ ግቢውን እንደ ዳማ ገበታ 12 ቤት አድርገው በጣውላ ከፈሉት፤ እያንዳንዱ ቤት 2 ሜትር ከግማሽ በ2 ሜትር ከግማሽ። ዓርብ ስድስቱን እየዘለልን እንሞላለን፣ እሑድ በመሃል የቀሩትን ስድስቱን።

"ሀጂ፣ ለምን ጊዜ እናባክናለን? በአንድ ቀን እንሙላውና በማግስቱ በመቁረጫ ማሽን መስመር እናወጣለታለን።"

"ማሽኑ የታለ?"

"አዲስ አበባ።"

"አሃ። እንግዲያ ሲሚንቶው ማሽኑ እስኪመጣ አትድረቅ በለው።"

ሠራተኞቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ የሳቅሁት ግን ከጥርስ ነው። ይህን ያህል ስፋት ያለ ወለል በዚያ ሙቀት ሲደርቅ ይሰበሰባል። መስመር ካላበጀህለት ራሱ በፈለገበት ይሰነጥቃል። ይሄን አላጣሁትም። የቆረቆረኝ ከእኔ በፊት መናገራቸው ነው።

ሐሙስ ማታ ደግሞ የጠጠሩን ክምር በጎማ ሲያጠጡ አገኘኋቸው። ድሬ ላይ ውሃ በበርሜል እየተገዛ ጠጠር ያጠጣሉ! የኖራ ድንጋይ ግን ፀሐይ ሲጠብሰው ውሎ ሚክሰር ውስጥ ከገባ የሲሚንቶውን ውሃ ይጠጣል። ቡኮው ይደርቅና ልጆቹ "ትንሽ ውሃ ጨምርበት" ይባባላሉ። እዚያ ላይ ነው ጥንካሬው የሚሄደው።

ሦስተኛው ነገር ቀኑ ነበር። "ነገ ጁምዓ ነው። ቅዳሜ ብናደርገው" አሉኝ ሀጂ። እኔ ሪፖርት ላይ "ዓርብ ሙሊት" ብዬ ጽፌያለሁ። ሚክሰሩም የተከራየነው በቀን ነው። "አይቻልም ሀጂ" አልኳቸው። ዝም አሉ።

ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ጀመርን። ለምን በሌሊት? ፀሐይዋ ከወጣች ወዲያ ኮንክሪት ከእጅህ ይሮጣል። አንድ ከረጢት ሲሚንቶ፣ አሸዋና ጠጠሩ በሳጥን እየተለካ፣ ባሬላው እየተመላለሰ፣ ጠዋት 3 ሰዓት ተኩል ላይ ስድስቱ ቤቶች አለቁ። በመሃሉ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ለእጥበት ደርሰው ነበር። የዚህ ወለል ጥበቡ ያለው እጥበቱ ላይ ነው። ኮንክሪቱ ገና ሙሉ ለሙሉ ሳይጠነክር፣ ቀጭን ውሃ እየለቀቅክ በብሩሽ ስታሸው የላዩ የሲሚንቶ ልጥፍ ይሄድና ነጩ ጠጠር ብቅ ይላል። ቀድመህ ከነካኸው ጠጠሩ ይነቀላል። ከዘገየህ ደግሞ ብሩሹ ይልሰዋል እንጂ አይነካውም። ያጠብናቸው ሦስቱ ሰሊጥ የተነሰነሰበት ዳቦ መስለው ወጡ። እትዬ በመስኮት አይተው እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም።

እኩለ ቀን ሲቃረብ ሀጂና ግማሾቹ ልጆች ወደ መስጊድ ሄዱ። የቀሩት ለምሳ ወጡ፤ ድሬ ላይ ከምሳ በኋላ ደግሞ ምን እንዳለ ታውቃላችሁ። ሀጂ ሲሄዱ "የቀሩትን ሦስቱን አንተ እያቸው። በጣትህ ተጫን። ጣትህ ካልሰመጠ፣ ጥፍርህ ግን ከቧጠጠው፣ ያኔ እጠበው" ብለውኝ ነበር።

ግቢው ውስጥ ካለችው የኒም ዛፍ ሥር በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ጀምሮ አልተኛሁም። ጥላው ጥሩ ነበር።

ስነቃ 8 ሰዓት ሊል ነው። ሮጥኩ። በጥፍሬ ቧጠጥኩት፤ የተቧጠጠው ጥፍሬ ነው። ብሩሹን ይዤ ላብ እስኪያጠምቀኝ ፈተግሁ። ድምፅ ብቻ። ሦስቱ ቤቶች ግራጫና ልሙጥ ሆነው ቀሩ፤ እትዬ እንቢ ያሉት ሊሾ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ነበር ለሀጂ መናገር የነበረብኝ። አልተናገርኩም። ኬሻውን አርሼ እንደ ሌሎቹ ሸፈንኳቸውና አንድ ዘዴ ያዝኩ። አዲስ አበባ በሠራሁበት ሳይት ሲሚንቶ የተለጠፈበትን ሴራሚክስም፣ የጥቁር ድንጋይ ግድግዳም፣ በአሲድ አጥበን ቁልጭ ሲል አይቻለሁ። እሑድ የቀሩትን ስድስት ቤቶች ሀጂ ራሳቸው ቆመው ሞልተን፣ በሰዓቱ አጥበን ጨረስን። ወለሉን በኬሻ እያረጠብን ሳምንት አቆየነው። በሚቀጥለው ሰኞ ሀጂ ሌላ ሥራ ላይ ነበሩ። አንድ ልጅ ይዤ፣ ከሱቅ ቢጫ ጄሪካን አሲድ ገዝቼ መጣሁ።

አንድ ለአምስት በጠበጥኩት፤ አሲዱን ወደ ውሃው። ቢያንስ ይቺን በትክክል አደረግሁ። ጓንትም ነበረን። ገና ከጆጉ ወለሉን ሲነካ ነጭ አረፋ ግንፍል አለ። ጋን ውስጥ እንደሚፈላ ጠላ "ሽሽሽ" ይላል። ልጁ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸና "አቦ! ድንጋዩ ፈላ እኮ!" አለ።

"እየሠራ ነው" አልኩት። ደስ ብሎኛል። ጨመርኩበት።

ጭሱ ጉሮሮ ይይዛል። እያሳልን ሩብ ሰዓት ያህል አቆየነውና ብዙ ውሃ ለቀቅንበት። እርጥብ እያለ ቆንጆ ነበር። እርጥብ እያለ የማያምር ድንጋይ የለም።

አመሻሹ ላይ ደረቀ። ጎንበስ ብዬ በመዳፌ ዳበስኩት። ከታጠቡት ቤቶች ላይ ጠጠሩ ከፍ፣ ሲሚንቶው ዝቅ ያለ ነው። እዚህ ተገልብጧል። ጠጠሩ ወደ ውስጥ ሰርጉዷል፤ ሲሚንቶው በዙሪያው ጠርዝ ሆኖ ቆሟል፤ የማር እንጀራ የምትነካ ነው የሚመስልህ። እርድ የተደፋበት የመሰለ ቢጫ እድፍም እዚህም እዚያም ወጥቷል። እዚህ ላይ ነው ያ የኮራሁበት ተዳፋት የመጣው። ውሃው አሲዱን ይዞ በ2 ሴንቲዋ ቁልቁለት ወርዶ፣ ንጹሑ የበር ዳር ቤት ላይ ክንድ የምታህል ምላስ ልሶ አልፏል። ልኩ ምንም ስህተት አልነበረበትም!

ጠዋት ሀጂ መጡ። ማንም አልነገራቸውም፤ ከበሩ ነው ያዩት። ቁጢጥ አሉ፣ ዳበሱት፣ ጣታቸውን አሸተቱ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ወደ ወጥ ቤቱ ዞረው "እትዬ፣ አንድ ሎሚ" አሉ።

ከተረፈው ክምር አንድ ነጭ ጠጠር አነሱ። ከበር ውጪ ደግሞ ጥቁር ጠጠር ለቀሙ። ሁለቱን በርጩማው ላይ አስቀምጠው ሎሚውን ጨመቁባቸው። ጥቁሩ ላይ ውሃ ጠብ ያለበት ያህል ነው። ነጩ ላይ ግን ጠጋ ብለህ ስታይ የመርፌ ጫፍ የሚያካክሉ አረፋዎች ተራ በተራ ብቅ ይላሉ።

"ሎሚ እንዲህ ካደረገው፣ ያንተ ጄሪካን ምን ያድርገው?"

ያኔ ያቺ የፈተና ጥያቄ ትዝ አለችኝ። አሲድ ሲሚንቶን ይበላል። ጥቁሩን ድንጋይ ብዙም ስለማይነካው፣ አዲስ አበባ ላይ ሲሚንቶው ተበልቶ ድንጋዩ ንጹሕ ሆኖ ይወጣል። እዚህ ግን ጠጠሩም ሲሚንቶውም የሚበላ ነው፤ እንዲያውም ጠጠሩ ባሰበት።

"ሀጂ፣ ዓርብ ተኝቼ ነው" አልኩ።

"አውቃለሁ። የኒሟ ቅጠል ፀጉርህ ላይ ነበር።"

የተረፍኩት በጣውላው ነው። ቤቶቹ በየራሳቸው ስለተሞሉ ሦስቱን በመዶሻና በመሮ ስንሰብር ጎረቤቶቻቸው አልተነኩም። በእኔ ሐሳብ አንድ ላይ ተሞልቶ ቢሆን መቁረጫ ማሽኑ ዞሮ ዞሮ ከአዲስ አበባ ሊመጣ ነበር። እንደገና የሞላነው ቅዳሜ ነው። 14 ከረጢት ሲሚንቶ ከደመወዜ ሄደ። ለእጥበቱ ሰዓት ቁጭ አላልኩም፤ ኒሟ ሥርም አልደረስኩም።

እትዬ ነገሩን ሲሰሙ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ "እንግዲህ ሎሚ ከፈሰሰበት ይበላሻል ማለት ነው?" ጥሩ ጥያቄ ነው፤ እኔ ቀድሜ ልነግራቸው ይገባኝ ነበር። ወሩ ሲሞላ ማሸጊያ ቅባት ቀባነው። እሱም ቢሆን ጊዜ ይሰጣል እንጂ አያድንም። ሎሚም፣ አቼቶም፣ ኮካም ሲፈስ ወዲያው በውሃ ነው። ጽዳቱም በሳሙናና በውሃ ብቻ፤ የመጸዳጃ ቤቱ አሲድ ከደጃፍ አይወጣም። ለሠራተኛቸው ሁለት ጊዜ ደጋግሜ ነገርኳት። በሦስተኛው "አንተው ነህ እኮ ያፈሰስከው" አለችኝ።

ሦስቱ አዲስ ቤቶች እስከ ዛሬ ከሌሎቹ ትንሽ ይነጣሉ። የበር ዳሩን ምላስ እትዬ የቡገንቪሊያ ቆርቆሮ አስቀምጠውበታል።

አምና የጓሮውን ደግሞ ሊያሠሩ ፈለጉና በስሜ ጠየቁ። ሀጂ ጋ ደወልኩ። "መቼ ይመችዎታል?" አልኳቸው።

"ቅዳሜ" አሉ። "ሎሚ ይዘህ ና።"