በአቦልና በበረካ መካከል ያለቁ መጻሕፍት

ለብዙ ዓመታት መጽሐፍ ጀማሪ እንጂ ጨራሽ አልነበርኩም። ደሴ እየኖርኩ ኮምቦልቻ ስለምሠራ፣ በየቀኑ የምመላለስበትን ሚኒባስ የንባብ ጊዜዬ ላደርገው ሞክሬ ነበር፤ ይሁንና የሐረጎን ጠመዝማዛ የሚያውቅ ሁሉ እንደሚገምተው፣ ዓይንን ፊደል ላይ ተክሎ ያንን ቁልቁለት መውረድ ያተረፈልኝ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ነው። ማታ ደግሞ አልጋ ላይ ሁለት ገጽ ሳልገፋ እንቅልፍ ያሸንፈኛል። ባለፈው ዓመት ግን ሦስት ልብ ወለዶች ጨርሻለሁ።

ነገሩ የተለወጠው በአክስቴ ምክንያት ነው። ዓይናቸው ስለ ደከመ ማንበብ ከተዉ ቆይተዋል፤ ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት በኋላ ግን ቡናቸው አይቀርም። አንድ ቅዳሜ ቡናው እስኪፈላ ድረስ ከቦርሳዬ ያወጣሁትን «ፍቅር እስከ መቃብር» ድምፄን ከፍ አድርጌ እንዳነብላቸው ጠየቁኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከአቦል እስከ በረካ ያለው ጊዜ የንባብ ሆነ፤ የሚጠብቀኝ ሰው ስላለ ማቋረጥ አልቻልኩም።

ይህን በ1958 ዓ.ም. የታተመ የሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፍ ከዚያ በፊት ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቱንም ጊዜ የዋናው ገጸ ባሕርይ የበዛብህ ወላጆች ታሪክ ላይ አቁሜዋለሁ። ወደ ዋናው ፍቅር ቶሎ የማያደርስ መግቢያ ይመስለኝ ነበር። ጮክ ብዬ ሳነበው ግን ረጃጅሞቹ ዓረፍተ ነገሮች ለዓይን ሳይሆን ለጆሮ የተሠሩ መሆናቸውን ተረዳሁ፤ ትንፋሽ የሚወሰድበት ቦታ ራሱ ተለክቶ የተቀመጠ ነው። አክስቴ ድሮ ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ሰምተውት ስለ ነበር፣ ከገጸ ባሕርያቱ አንዱ የሆነውን የጉዱ ካሳን ንግግር በጥድፊያ ሳልፈው «ቀስ በይ፣ እሱ አይቸኩልም» እያሉ ያርሙኝ ነበር። ከሁሉ ያስገረመኝ ደግሞ ልባቸው ያዘነው ለበዛብህ ፍቅረኛ ለሰብለ ወንጌል ሳይሆን እሱን ለእግዚአብሔር ለተሳለችው እናቱ፣ ለውድነሽ መሆኑ ነው። «ያ ስለት ባይኖር ይህ ሁሉ ይመጣ ነበር?» አሉኝ። እኔ የዘለልኩት ክፍል የታሪኩ ሥር መሆኑን ያወቅሁት በዚህች አንዲት ጥያቄ ነው። ከመስከረም እስከ ጥር ፈጀብን፤ ከዚያ ባነሰ ጊዜ ባነበው ኖሮ ብዙ ነገር ያመልጠኝ ነበር ብዬ አምናለሁ።

የበዓሉ ግርማን «ኦሮማይ» ያነበብኩት ብቻዬን፣ በአራት ሌሊት ነው። በ1974 ዓ.ም. ደርግ ኤርትራ ውስጥ ያካሄደውን የቀይ ኮከብ ዘመቻ የሚተርከው ጋዜጠኛ ፋታ አይሰጥም። ሆኖም አንድ ስሕተት ሠርቻለሁ። መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ወዲያው እንደ ታገደ፣ ደራሲውም በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ እንዳልተመለሰ አስቀድሜ አውቅ ስለ ነበር፣ በየገጹ ደራሲው የጠፋበትን ምክንያት ስፈልግ የጋዜጠኛውን ፍቅረኛ ፊያሜታን ራሷን ሳላያት አለፍኩ። ለሁለተኛ ጊዜ ሳነበው ነው ልብ ወለድነቱን ያየሁት። ስለ መጽሐፉ የሚወራውን ከንባብ በኋላ መስማት እንደሚሻል ከዚህ ተማርኩ።

ሦስተኛው የብርሃኑ ዘርይሁን «ማዕበል» የመጀመሪያ ቅጽ ነበር። አንድ ወዳጄ ያዋሰኝ፣ ጠርዙ የተበላ ቅጂ ነው። የወሎን ረሃብና የአብዮቱን ዋዜማ የሚመለከት መሆኑን ስለማውቅ ለአክስቴ ከማንበቤ በፊት አመንትቻለሁ፤ ምክንያቱም በ1966 ዓ.ም. የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሆነው ውጫሌ አካባቢ ነበሩ። ነግሬያቸው «አንብቢው፣ አብሽሪ» አሉኝ። በሦስተኛው ቅዳሜ ግን እጃቸውን አንሥተው አስቆሙኝ። ረከቦቱን ወደ ጎን ገፋ አድርገው ከአምባሰል ወደ መኪና መንገዱ ስለ ወረደው ሕዝብ፣ ከአስፋልቱ ዳር ተቀምጦ የሚያልፈውን መኪና በዓይኑ ስለሚሸኘው ሰው፣ ቤታቸው የቀረችውን አንዲት እፍኝ ጥራጥሬ እናታቸው ለዘር ብለው እንዴት እንደ ደበቋት ያወሩኝ ጀመር። እናትየው ያችን እፍኝ በመጨረሻ አወጧት ወይስ አላወጧትም ብዬ ለመጠየቅ ድፍረት አላገኘሁም።

ለሁለት ሳምንት ምንም አላነበብኩም፤ እሳቸው ተናገሩ፣ እኔ አዳመጥኩ። በዚያ ጊዜ መጽሐፉን መዝጋት ንባቡን ማቋረጥ ሆኖ አልተሰማኝም። ደራሲው ስለ ብዙዎች የጻፈውን አክስቴ ስለ አንድ ጓዳ እየነገሩኝ ነበር፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቆሙ ሁለቱም ይበልጥ ግልጽ ሆኑልኝ። ወደ መጽሐፉ ስንመለስም አነባበቤ ተለውጦ ነበር፤ «ሕዝቡ» የሚለውን ቃል ባገኘሁ ቁጥር ያችን እፍኝ ጥራጥሬ አያለሁ። ቅጹን የጨረስነው በግንቦት ነው።

መጽሐፉ የሰው ስለ ሆነ አክስቴ የነገሩኝን ኅዳጉ ላይ መጻፍ አልቻልኩም፤ በየወረቀቱ ቁራጭ የጫርኩት ግማሹ ጠፍቶብኛል። «የአብዮት መባቻ» የተባለውን ሁለተኛውን ቅጽ ለመጪው ቅዳሜ አዘጋጅቼዋለሁ፤ ከሱ ጋር ባለ መቶ ገጽ ደብተር ገዝቻለሁ።